ፈንግል በሰሞነ ሕማማት

ዶሮ ሲታመም የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ሰኞ ጠዋት የዶሮ ቤቱን መዝጊያ ስከፍት የገጠመኝ ግን ዝምታ ነው። ሌላ ቀን ገና ኮቴዬን ሲሰሙ የሚንጫጩት፣ የያዝኩትን የፉሩሽካ ቁና እየተሻሙ እግሬ ሥር የሚርመሰመሱት ነጫጭ ዶሮዎች ቆጡ ላይ እንደ ተኮራመቱ ነበሩ። ሁለቱ ወርደው ገለባው ላይ ተቀምጠዋል። ላባቸው ቆሟል፤ ዐይናቸው ግማሽ ተከድኗል። አንዷ አንገቷን ወደ ኋላ ቆልምማ ጣራ ጣራውን ታያለች። ከሥሯ አረንጓዴ ኩስ ፈሷል።

ቁናውን እንደ ታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ምን እንደ ሆነ ዐውቄያለሁ፤ አንብቤዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ይዣት በመጣሁት፣ በስቴንስል በታተመችው ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ ምልክቶቹ አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። ላባ መቆም፣ አንገት መጠምዘዝ፣ አረንጓዴ ኩስ። የበሽታው ስምም ተጽፏል፤ ፈንግል።

ይህ የሆነው በሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለችው መንደራችን ነው። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የወተት ጥርሷ ገና አላለቀም ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር ያምናል። ስድስተኛ ክፍልን እንደ ጨረስኩ ለሴቶች በተሰጠው የሦስት ወር የቤት አያያዝና የዶሮ እርባታ ትምህርት ላይ ተቀመጥኩና ያቺን መጽሐፍ ይዤ፣ ቃሏን ሁሉ አምኜ ወደ እናቴ ተመለስኩ።

እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። ያላት አንዲት ላም፣ ለእኩል አራሽ የተሰጠች ቁራሽ መሬትና አባቴ የሠራላት ቤት ነው። ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ በመዘዞ በኩል የሚኖር የተደላደለ ገበሬ፣ በመጣ ቁጥር የሚናገረው አንድ ነገር ነበር፤ «ቤቱን ዝጊና እኔ ዘንድ ነይ። ሴት ብቻዋን ምን ቤት ትይዛለች?» ክፋት አልነበረውም። ግን እሱ ዘንድ መግባት ምን እንደ ሆነ እናቴም እኔም እናውቀው ነበር። ማጀት ጥግ መደብ ላይ መተኛት፣ ከሚስቱ እጅ ጨው እየለመኑ መኖር፣ የሚስቱን እህል እየፈጩ ማርጀት ነው። እናቴ ውኃ አሙቃ እግሩን ታጥበዋለች።

ላሟን ያሸጥኳት እኔ ነኝ። በላሟ ዋጋ ቆርቆሮ፣ ወንፊት ሽቦና የፈረንጅ ዶሮ ጫጩቶች ተገዙ። አጎቴ የሰማ ዕለት መጥቶ ባዶውን በረት ዞሮ አየ። ከዚያ፣ «ደግ። እስከሚመጣው ፋሲካ አያለሁ። ዶሮዎቹ ካኖሩሽ ኑሪ። ካላኖሩሽ በዳግማይ ትንሣኤ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ፤ ያኔ እንቢ የለም» አላት።

«እሺ ጋሼ» አለችው እናቴ።

ቤቱን መጽሐፏ እንዳለችው አሠራሁት፤ ከቃሏ ስንዝር ፈቀቅ አላልኩም። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ጀርባው ከገደሉ ለሚወጣው ነፋስ። ግድግዳው እስከ ወገብ ድንጋይና ጭቃ፣ ከዚያ በላይ ሽቦ፤ ውርጭ በሚጥልበት ጊዜ ማታ ማታ የሚወርድ የጆንያ መጋረጃ። ወለሉ ከፍ ብሎ ዐመድና ገለባ የተነሰነሰበት። ለዕንቁላል መጣያ ጨለም ያሉ ቅርጫቶች። ከዚያም ቤቱ በጭቃ ግድግዳ ለሁለት ተከፈለ፤ ትልልቆቹ በአንደኛው፣ ታናናሾቹ በሌላው፣ በራቸውም ለየብቻ። በሜትር እየለካሁ ግንበኛውን አንድ ድንጋይ ሁለት ጊዜ ስላስነሣሁት «እመቤቲቱ፣ ዶሮዎቹ ሲገቡ እነሱም ይለኩኛል?» ብሎኛል።

በአገሩ ዶሮ ከሰው ጋር ነው የሚያድረው፤ ከበሩ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ወጥቶ። ለዶሮ ለብቻው ቤት መሥራት፣ ያውም በቆርቆሮ፣ ለጎረቤት ሴቶች የወር ጨዋታ ሆነ። አንዷ ውኃ ስትቀዳ አግኝታ እናቴን «ስሚ እንጂ፣ የኔን ሣር ቤት ለዶሮዎችሽ ላከራይና እኔ በነሱ ልግባ?» አለቻት። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ዶሮዎቹም አኖሩን። ሁዳዴ ሲገባ በየቤቱ ዕንቁላል የሚበላ ሰው ይጠፋል፤ እኛ ግን በገለባ በሞላ ቅርጫት ወደ አሊዩ አምባ ገበያ እናወርደው ነበር። እዚያ ያሉት እስላሞች የኛን ሁዳዴ አይጾሙም፤ ዕንቁላሉን ይፈልጉታል። ጨውም፣ ጋዝም፣ በርበሬም ከዚያ መጣ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቅርጫቶቹን ስትዳብስ ፊቷ ላይ የማየው እፎይታ ነበር። ስለ አጎቴ በቅሎ ማሰብ ትታ ነበር።

ሆሣዕና ሊሆን ሳምንት ሲቀረው አጎቴ ከአሊዩ አምባ ሲመለስ ወደኛ ጎራ አለ። ብብቱ ሥር ለፋሲካ የገዛውን ቀይ አውራ ዶሮ ይዟል።

«ይኼ እስከ በዓሉ እዚህ ይቀለብልኝ» አለ። «ቤታችሁ ለዶሮ ከኔ ቤት ይሻላል ሲሉ ሰማሁ።»

መጽሐፏ ስለዚህም ተናግራለች። ከውጭ የመጣ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀል። ይህን በአፌ መናገር ግን አልቻልኩም። ዶሮውን ተቀብዬ ማጀት ውስጥ ካለው ምሰሶ አሰርኩት። አጎቴ ምሳውን በልቶ ሲነሣ አየው።

«ምነው ልጄ፣ የኔ ዶሮ ከፈረንጆቹ ጋር ለመኖር አይመጥንም?» አለኝ እየሳቀ። «እሱ ማጀት ካደረ እኔስ ስመጣ የት ልታሳድሪኝ ነው?»

እናቴ አየችኝ። ዐይኗ «አታሳፍሪኝ» ይል ነበር። ሽማግሌ ነው፤ እንግዳ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ነው። ስለ በሽታ ብነግረው «ዶሮህ በሽተኛ ነው» እንዳልኩት ይቆጥረዋል። ገመዱን ፈታሁና በገዛ እጄ ወስጄ ትልልቆቹ ክፍል አስገባሁት። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ ነገር ያበላሸሁ ሰው ነኝ፤ ያንን ያህል ዐውቄ ያበላሸሁት ግን የለም። አንድ ድንጋይ ጣት ያህል ስለ ዘነበለ ያስነሣሁ ሴት፣ ይሉኝታ ሲመጣብኝ ያነበብኩትን ሁሉ አጠፍኩት።

እንግዲህ ሰኞ፣ ከሰሞነ ሕማማት የመጀመሪያው ቀን፣ ቁናውን አስቀምጬ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ከስግደት ተመልሳ መቀነቷን እየፈታች ነበር። ነገርኳት። መጽሐፏን አምጥቼ አነበብኩላት፤ «በሽታው በገባበት ክፍል ያሉት ሁሉ፣ ደኅና የሚመስሉትም ሳይቀሩ፣ ተገድለው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበሩ። ከክፍሉ ወደ ሌላው ሰው አይመላለስ። አይሸጡ።»

«ሁሉም?» አለች።

«የትልቁ ክፍል ሁሉም።»

ከቀዩ አውራ ዶሮ ሌላ ሃያ ሁለት ናቸው። በትንሹ ክፍል ያሉት ዘጠኝ ቄቦች ገና መጣል ያልጀመሩ ነበሩ።

በኛ አገር ሴት አታርድም። ወንድ የሌለበት ቤት ዶሮ ማረድ ሲፈልግ ሴቲቱ ዶሮውንና ቢላውን ይዛ መንገድ ዳር ትቆማለች፤ የሚያልፈውን ወንድ፣ ቢያውቃትም ባያውቃትም፣ «እባክህ ባርክልኝ» ትለዋለች። እኛም ለበዓል እንደዚያ ነበር የምናደርገው። በሰሞነ ሕማማት ግን ቢላ ከሰገባው አይወጣም። ሰው ከሰው ጋር እንኳ አይሳለምም። ይህን እያወቅሁ መንገድ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ጎረቤታችን፣ ሁልጊዜ የሚያርድልን ደግ ገበሬ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አገኘሁት። ጉዳዩን ነገርኩት። ቤተ ክርስቲያኑን እሳት ልልቀቅበት ያልኩት ይመስል አየኝ።

«ዛሬ?» አለ። «በዚህ ሳምንት ደም? ልጄ፣ ትምህርቱ ይኼን ነው ያስተማረሽ?»

«ለመብል አይደለም…»

«ቅዳሜ ሌሊት ቅዳሴው ሲያልቅ ሃያም ቢሆን ሠላሳም ቢሆን አርድልሻለሁ። እስከዚያ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ አለፈ።

ማክሰኞ ጠዋት ቀዩ አውራ ዶሮ ሞቶ አገኘሁት። ከትናንቶቹ ሁለት ሌላ ስድስት ደግሞ አንገታቸው ዞሯል። ከሰዓት በኋላ አጎቴ መጣ። ዶሮውን ለመውሰድ ነበር፤ ሬሳውን አሳየሁት። በጅራፉ እጀታ ገለበጠው፤ ከዚያ በሽቦው በኩል ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«ስንቱ ቆሟል?» አለኝ።

«ዐሥራ አራት።»

«ሐሙስ የፋሲካ ገበያ ነው። የቆሙትን አውጧቸው። ነጭ ነው፣ ትልቅ ነው፤ ሰው ይሻማበታል። ያልወደቀ ዶሮ ደኅና ዶሮ ነው።» ወደ እናቴ ዞረ። «ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው እኮ። ፈንግል ሲገባ ማን ቁጭ ብሎ ያያል? የላምሽን ዋጋ ግማሹን ታወጪያለሽ። ያለዚያ እኔ በቅሎዬን ከመጫን ሌላ ምን አደርግልሻለሁ?»

እውነቱን መጻፍ አለብኝ። እሱ ሲናገር እኔ በዐይኔ እስከ ሐሙስ መቆም የሚችሉትን እየመረጥኩ ነበር። «አይሸጡ» የሚለውን ቃል ያነበብኩት ሴት፣ እናቴ እሺ እንድትል ተመኘሁ። ይህ ምኞት ከእኔ ውስጥ መውጣቱ ዛሬም ያስደነግጠኛል።

 «የሚገዛው ማን ነው ጋሼ?» አለች እናቴ።

«ዶሮ የፈለገ ነዋ።»

«አንዲት ሴት ናት። ሐሙስ ገዝታ የምታርደው ቅዳሜ ሌሊት ነው። ሁለቱን ቀን የት ታሳድረዋለች?»

አጎቴ ጅራፉን ጠቀለለ።

«ቆጧ ላይ ነዋ፤ ከራሷ ሁለትና ሦስት ዶሮዎች ጋር። እኛ ቤት የገባው እንደሱ ሆኖ አይደል?» አለች ራሷ መልሳ።

ይህን የተናገረችው ሬሳውን ሳታይ፣ እሱንም ሳትወቅስ ነው። እሱ ግን ገባው። ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲህ ጓዝሽን ጠቅልዪ» ብሎ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ በር አልሸኘችውም።

ረቡዕ ጠዋት ከስግደት ስትመለስ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ከጓሮ ጉድጓድ እንድቆፍር አዘዘችኝ። በዶማ እስከ ደረቴ ቆፈርኩ። የሚያርድ ወንድ ያገኘች፣ አለዚያ በጭስ ልትገድላቸው ያሰበች መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ትልቁን ክፍል ከፍታ ገብታለች።

እናቴ ማገዶ እሳት ውስጥ ከመክተቷ በፊት ጉንዳን እንዳይኖርበት በእጇ የምታራግፍ ሴት ናት። መጀመሪያ ይዛ የወጣቻቸው ሁለቱ በሽተኞች ነበሩ፤ አንገታቸው ተንጠልጥሏል። ከጉድጓዱ አፍ አስቀምጣቸው ተመለሰች። ቢላ የለም። ደም የለም። አንገታቸውን በእጇ ጠምዝዛ ነው። ሌሎች ሁለት። ደግሞ ሁለት። ዶማውን ተደግፌ ቀረሁ።

በሽተኞቹ፣ ሌሊቱን የወደቁት ስድስትም ተጨምረው፣ ሲያልቁ ስምንቱ ደኅናዎች ቀሩ። በሩ ሲከፈት ጥሬ ያመጣችላቸው መስሏቸው ወደሷ ሮጡ። አንዷ የቀሚሷን ጫፍ ነክሳ ያዘች።

«እማዬ፣ እነዚህን ተያቸው» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ አይደለሽ ያነበብሽልኝ? ‹ደኅና የሚመስሉትም› አላልሽም?»

«ምናልባት…»

«‹ምናልባት› ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያስ ፊትሽን መልሺ።»

ፊቴን መለስኩ። እኔ ያነበብኩትን እሷ አደረገችው። አንድ እንኳ አላገዝኳትም፤ አፈሩን ብቻ መለስኩ። ከዚያ ገለባውንና ቅርጫቶቹን አቃጥላ፣ ክፍሉን በዐመድ ሞልታ፣ እጇን እስከ ክንዷ በዐመድና በፈላ ውኃ አሸችው። «ወደ ትንንሾቹ አንቺ ብቻ ትገቢያለሽ» አለችኝ። «ልብስሽን ለውጪ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ አጠገባቸው አልደርስም።» ይህንንም እኔ ሳልነግራት ከተነበበላት ያስቀረችው ነው።

ዓርብ ስቅለት ነው። ማታ፣ ስግደቱ ሲያልቅ፣ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ሕዝቡን ተራ በተራ እያናዘዙ ይቸበችባሉ። እናቴ ከፊቴ ነበረች። የንስሐ አባታችን ያረጁ፣ ጆሯቸው የደከመ ሰው ስለ ነበሩ እሷ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ ነበረባት፤ ሳልፈልግ ሰማሁ።

«በሰሞነ ሕማማት ነፍስ አጠፋሁ፣ አባ።»

የያዙት ቅጠል አየር ላይ ቆመ። «የማንን ነፍስ?»

«የዶሮ።»

«አረድሽ?»

«በእጄ ነው። ቢላ አልነካሁም።»

«ለመብል?»

«አይደለም አባ። ቀበርኳቸው።»

«ታዲያ ለምን አጠፋሽው?»

«በሽታው ወደ ሰው ቤት እንዳይሄድ ብዬ።»

እሳቸው ትንሽ አሰቡ። «ስንት ናቸው?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት ስገጂ።» ትከሻዋን በቅጠሉ ነካ ነካ አደረጓት። እሷ ግን አልተነሣችም።

«ስምንቱ ደኅና ነበሩ አባ» አለች። «ለነሱ ይጨመርልኝ።»

ጨመሩላት ወይ አልጨመሩላት አልሰማሁም፤ እኔ ለምን ወረፋ ይዤ እንደ ቆምኩ ጠፍቶኝ ነበር። ተራዬ ሲደርስ የአውራ ዶሮውን ገመድ እንደ ፈታሁ ብቻ ተናዘዝኩ። እሳቸው ኃጢአቱ የቱ ጋ እንዳለ አልገባቸውም።

ያን ፋሲካ የዶሮ ወጥ ያልተሠራበት ቤት የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በሽሮ ፈሰክን። ጎረቤታችን ሴትዮ ከራሷ ወጥ በጣባ አምጥታ፣ «ዶሮ አርቢዎቹ፣ እንኳን አደረሳችሁ» ስትል ሳቋን መያዝ አልቻለችም። እናቴም ሳቀችላት።

በሳምንቱ ውስጥ ግን በመንደሩ ሳቅ ጠፋ። ከሐሙሱ ገበያ የተገዙት ዶሮዎች ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ፈንግሉም በየቤቱ ቆጥ ላይ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ የሞተ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥለው ወደ ገደሉ ሲጥሉ አያለሁ። የኛም ዐሥራ አራት ተሸጠው ቢሆን ኖሮ ይህ ከኛ መጣ ይባል ነበር፤ እኔም ከኛ እንደ መጣ ዐውቅ ነበር። በትንሹ ክፍል ያሉትን ዘጠኙን በቀን ሦስቴ አያቸዋለሁ። በገባሁ ቁጥር ያን ዝምታ ጠብቄ ነው የምገባው። በገባሁ ቁጥር ይንጫጫሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ማመን ነበር ያቃተኝ።

ማመን ስላልቻልኩ የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ጓዝ መጠቅለል ጀመርኩ። ዘጠኝ ቄብ ምን ቤት ያቆማል? አጎቴ ከሚያዋርዳት ቀድሜ ልዘጋጅላት ብዬ የእናቴን ጋቢ፣ ሰፌዶቿን፣ የአባቴን ዳዊት በአንሶላ አሰርኩና በር አጠገብ አኖርኩት። እናቴ አየችው። ተራምዳው አለፈች።

በማግስቱ አጎቴ በቅሎውን ይዞ መጣ። ጥቅሉን አይቶ በእፎይታ ራሱን ነቀነቀ።

«መልካም አደረግሽ» አላት።

«እሷ ናት ያሰረችው» አለች እናቴ። የለበሰውን ጋቢ ተቀብላ አኖረችለት፤ ወንበር ሰጠችው። «ይቀመጡ ጋሼ። የመጡበትን ዐውቃለሁ። አልሄድም።»

«በምን ልትኖሪ?»

«ዘጠኝ አሉኝ።»

«ዘጠኝ ዶሮ!» ሳቀ። «ላም ሸጠሽ ዘጠኝ ዶሮ ይዘሽ!»

«ከዚህ እስከ ወንዙ ድረስ በሕይወት ያሉ ዶሮዎች የኔ ብቻ ናቸው። አውራውም ከመካከላቸው አለ፤ እሱን ቄብ ነው ብላ ያስገባችው ይህች ልጅ ናት» አለች፤ በአገጯ ወደኔ አሳየች። «ክረምት ሳይገባ መጣል ይጀምራሉ። ትናንት ብቻ አራት ሴቶች የማስታቀፊያ ዕንቁላል አደራ ብለውኛል። የርስዎም ሚስት ልካለች።»

አጎቴ ወደኔ ዞረ፤ እኔ እንድመሰክርለት ነበር። የሚስቱን መላክ አላወቀም ኖሯል። እኔም አላወቅሁም። አውራ መኖሩን ግን ማወቅ ነበረብኝ፤ በቀን ሦስቴ ስገባ፣ ከሞት ምልክት በቀር የምፈልገው ነገር ስላልነበረ አላየሁትም። እናቴ በሽቦው በኩል ከሩቅ ቆማ አይታው ነበር።

አጎቴ ጠላውን ጠጣ። ስለ ዝናቡ ተናገረ፤ ስለ በሬዎቹ ተናገረ። ሲነሣ በቅሎዋን እንደ መጣች ባዶዋን እየሳበ ሄደ። እናቴ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሸኝታው ተመለሰች፤ እኔ አሁንም በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። «ፍቺው እንጂ።»

ቁጭ ብዬ የጥቅሉን ቋጠሮ ለመፍታት ሞከርኩ። አጥብቄ አስሬው ኖሮ እንቢ አለኝ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ በጥርሷ ፈታችው፤ ሰፌዶቹንም አንድ በአንድ እያወጣች ግድግዳው ላይ በየቦታቸው ሰቀለች።